ኮሮጎቾን በር ለበር የሚያውቀው መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1998 የተካሄደው የኬንያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለናይሮቢ ጥሩ ዜና ይዞ ነበር የወጣው። በከተማዋ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 62 ያህል ሲሆኑ፣ በገጠር ግን 113 ነበሩ። ከተማ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፣ መንገዱም አለ፤ ስለዚህ በውጤቱ የተገረመ ሰው አልነበረም።

በ2000 ሌላ ጥናት ያንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ ናይሮቢ የቆርቆሮ መንደሮች ብቻ ገባ። ያገኘው ቁጥር 151 ያህል ነበር። ከተማዋ መሀል የተወለደ የድሃ ልጅ የመኖር ዕድሉ ከገጠሩ ልጅ ያነሰ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥናት አልዋሸም፤ የሀብታሞቹን ሰፈር የካረንን ባለ ግቢ ልጅና የቆርቆሮ መንደሩን የማታሬን ልጅ ደምሮ አካፈለ እንጂ። አማካይ ሲባል ነገሩ ይኸው ነው፤ የተጎዳውን ሰው ከተደላደለው ጎን አስቀምጦ ይሸፍነዋል።

ጥናቱን ያካሄደው መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የአፍሪካ የሥነ ሕዝብና የጤና ምርምር ማዕከል ነው። ተቋሙ በ1995 ፖፑሌሽን ካውንስል በተባለ ድርጅት ሥር ለአፍሪካውያን ተመራማሪዎች በተከፈተ ፕሮግራም ተጀምሮ በ2001 ራሱን ቻለ፤ ለረጅም ዓመታት የመሩት ናይጄሪያዊው አሌክስ ኤዜህ ሲሆኑ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ኡጋንዳዊቷ ካትሪን ክዮቡቱንጊ ናቸው። የ2000ው ውጤት አንድ ጊዜ ለክቶ መሄድ እንደማይበቃ ለማዕከሉ ተመራማሪዎች አሳያቸው። ስለዚህ ከ2002 አንሥቶ ከቆርቆሮ መንደሮቹ ኮሮጎቾንና ቪዋንዳኒን መርጠው ቋሚ መዝገብ ከፈቱ።

ሁለቱ ሰፈሮች ተደምረው ከ1 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያነሰ መሬት ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ በዚያች መሬት ላይ ግን ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል። የመዝገቡ አሠራር ለማስረዳት ቀላል፣ ለመሥራት ግን አድካሚ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ቤትና ክፍል ቁጥር ይሰጠዋል፣ በውስጡ ያለ ሰው ሁሉ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ መረጃ ሰብሳቢዎቹ በዓመት ውስጥ ደጋግመው እየተመለሱ ያንኑ በር ያንኳኳሉ። ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን መጣ፣ ማን ለቀቀ? የሕዝብ ቆጠራ በአሥር ዓመት አንዴ የሚነሣ ፎቶግራፍ ከሆነ ይህ ሳይቋረጥ የሚቀረጽ ፊልም ነው።

የሟች ቤተሰብ ዘንድ ሲደረስ ሥራው ይከብዳል። በነዚህ ሰፈሮች ብዙ ሰው የሚሞተው ሐኪም ሳያየው፣ የሞት ምስክር ወረቀትም ሳይጻፍለት ነው። ስለዚህ ጠያቂው ከሐዘንተኛው ጋር ተቀምጦ ሟቹ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ሳሉ ስንት ጊዜ ቆየ፣ ከስቶ ነበር ወይ እያለ ይጠይቃል። መልሱን ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። በዚህ መንገድ በ2008 በወጣ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ከሁሉ በላይ የከበዱት የሳንባ ምችና ተቅማጥ፣ እንዲሁም ሞቶ መወለድ እንደሆኑ ታወቀ። ከዚያ በላይ ዕድሜ ላይ ግማሹን ያህል ሸክም የያዙት ኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ ነበሩ፤ ቀጥሎ ደግሞ የሰው እጅ ግድያና የመኪና አደጋ። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ያጣ ሰፈር ልጆቹን በምን እንደሚቀብር ከዚህ የበለጠ የሚናገር ሰነድ አላውቅም።

መዝገቡ ያፈረሰው ሌላው እምነት ደግሞ ድሃ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚለው ነው። ቪዋንዳኒ ከኢንዱስትሪው ቀጠና ጎን ስላለ ወጣት ሠራተኛ ይበዛበታል፤ ብዙዎቹ የካምባና የኪኩዩ ብሔረሰብ ተወላጆች ናቸው፣ ቤተሰባቸውን አገር ቤት ትተው የመጡም አሉ። በዳንዶራ ቆሻሻ መጣያ አቅራቢያ ያለው ኮሮጎቾ ግን ለረጅም ዘመን የተቀመጡ ቤተሰቦች ሰፈር ነው፤ ሉዎው፣ ኪኩዩው፣ ሉህያው፣ ሶማሌው ተሰበጣጥሮ ይኖርበታል። ለአንደኛው የሚጠቅም ዕቅድ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ደግሞም ነዋሪው አይረጋም፤ በየዓመቱ ሩብ ያህሉ ይለወጣል። በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነፃ ሲሆንም እንደተጠበቀው አልሆነም። የመንግሥት ትምህርት ቤት በአካባቢው ጥቂት፣ ያለውም የተጨናነቀ ስለነበር ከድሃው መንደር ብዙ ወላጅ ከሌለው ላይ ቆንጥሮ ልጁን በርካሽ የግል ትምህርት ቤት ማስተማሩን ቀጠለ።

ቁጥር ግን ሁልጊዜ አይወደድም። ሌላዋ የናይሮቢ የቆርቆሮ መንደር ኪቤራ ሚሊዮን ሰው ይኖርባታል ሲባል ኖሮ የ2009ኙ ቆጠራ 170,070 አገኘ፤ በዚያች ሚሊዮን ስም ገንዘብ ሲጠይቁ ለኖሩ ድርጅቶች ጥሩ ወሬ አልነበረም። ያው ቆጠራ የእያንዳንዱን ሰው ብሔረሰብ ጠይቆ ስለነበር ውጤቱ ሲወጣ በፖለቲካው ላይ እሳት ጫረ። የወቅቱ የፕላን ሚኒስትር ዊክሊፍ ኦፓራኛ በ2010 የሰሜኑን ስምንት ወረዳዎች ውጤት ቁጥሩ ከሚጠበቀው በላይ ሆኗል ብለው ሰረዙት። ሕዝቡ ብዙ የሆነ ወገን ወንበርም በጀትም ስለሚጠይቅ ቆጠራ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። እንደ ኮሮጎቾው ያለ ትንሽ፣ ቋሚ መዝገብ ያለው አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ወንበር ስለማይከፋፈልበት ቁጥሩን የሚያጋንንም የሚያሳንስም ብዙ ምክንያት የለውም።

ይህ በር ለበር የመመዝገብ አሠራር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ቡታጅራ ላይ በእኛ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ተመሳሳይ መዝገብ ተከፍቶ ነበር፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ፣ ሐሮማያ በቀርሳ የየራሳቸውን አቋቁመዋል። አብዛኞቹ ግን ገጠር ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አገር አቀፉ የሕዝብና ቤት ቆጠራም ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ደጋግሞ ተራዝሟል። የአዲስ አበባ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ከመሀል ወደ ዳር በሚሄድበት በዚህ ጊዜ ማን የት እንደደረሰና ኑሮው ምን እንደሆነ በር ለበር እየተመለሰ የሚጠይቅ መዝገብ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የከተማው አስተዳደር ቢያስቡበት ልምዱ ጎረቤት ናይሮቢ ላይ አለ።