ክፍሉ በነፃ፣ ዋጋው ግን ስንት?



ሰው ቤት ተጠግቶ የባለቤቶቹን ልጆች እያስጠና መማር ለአገራችን ወጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ከገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት ከገቡት መካከል ስንቶቹ በዚህ መንገድ አልፈው ለቁም ነገር በቅተዋል። ዛሬ ደግሞ ይኸው ልማድ መልኩን ቀይሮ ቻይና ለትምህርት በሄዱና ለመሄድ በሚያስቡ ወጣቶቻችን ፊት ሊቀርብ ይችላል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ አንድ የቻይና ቤተሰብ ክፍልና ምግብ ይሰጣል፤ እንግዳው ደግሞ የቤቱን ልጅ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ገንዘብ የሚባል ነገር በመካከል አይነሣም። ሲሰሙት ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ይመስላል። ነገር ግን «በነፃ» የተባለ ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለምና፣ ወጣቶቻችን ሻንጣቸውን ከማንሣታቸው በፊት ዋጋው ምን እንደሆነ አብረን እንመርምር።

ሁለቱም ወገን የሚያገኘው

በቻይና ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ በአብዛኛው ከ3ኛ ክፍል ይጀመራል። «ጋውካው» በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ደግሞ በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር ከ750 ነጥብ 150ው የውጭ ቋንቋ ነው፤ አብዛኛው ተማሪ የሚመርጠውም እንግሊዝኛን ነው። ስለዚህ ወላጅ የልጁ ምላስ ገና በለጋነቱ ለእንግሊዝኛ እንዲፈታ ቢጓጓ አይገርምም።

እንግዳውም ቢሆን ያተርፋል። የቤት ኪራይ ይቀርለታል፤ ቋንቋም ይማራል። ቻይንኛ እንደ ድምፁ ዜማ ትርጉሙ የሚለዋወጥ ቋንቋ ነው። «ማ» የሚለው ድምፅ በአንድ ዜማ «እናት»፣ በሌላ ዜማ «ፈረስ» ማለት ይሆናል። ይህንን ከመጽሐፍ ከመሸምደድ ይልቅ ማዕድ ላይ ከሕፃንና ከአያት አፍ መስማት ይቀላል።

ሕጉ ምን ይላል?

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የቻይና የመግቢያና መውጫ ሕግ፣ ከሆቴል ውጪ የሚያድር የውጭ ዜጋ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት ያዛል። ምዝገባውን ራሱ እንግዳው ወይም ያሳደረው ሰው ይፈጽማል። በዚሁ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ጥፋቱ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን መታሰርም ይከተላል። ያሠራውም ሰው ቅጣት አለበት። ተገዶ ከአገር እንዲወጣ የተደረገ ሰው ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ተመልሶ መግባት አይችልም። ለትምህርት የሄደ ወጣት ይህ ቢደርስበት ትምህርቱ መና ይቀራል።

«ገንዘብ አልተቀበልኩም» የሚለው ምክንያት የሚያስተማምን አይደለም፤ ክፍልና ቀለብም ክፍያ ነውና። በተማሪነት የሄደ ወጣት ከትምህርት ቤቱ ውጪ ሠርቶ ለማግኘት ቢፈልግ አስቀድሞ የትምህርት ቤቱን ስምምነት ማግኘት፣ ከዚያም ይኸው በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ እንዲሰፍርለት ለፖሊስ ማመልከት አለበት። ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሚሰጠው የሥራ ፈቃድም በአጠቃላይ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ከሆነ አገሮች ለመጡ የታሰበ ስለሆነ፣ ለኢትዮጵያዊ በሩ ጠባብ ነው።

ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይና መንግሥት የልጆችን የትምህርት ጫና ለማቅለል በሚል በማስጠናት ሥራ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ጥሏል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የትምህርት ሚኒስቴሩ ባወጣው ማስታወቂያ፣ ቤት ውስጥ እየኖረ የሚያስጠና መምህር መያዝ ከተከለከሉት ዘዴዎች አንዱ ሆኖ በስም ተጠቅሷል።

ውሉ ይታወቅ

ማስተማር በራሱ ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑን ታሪካችን ያስተምረናል። ከበድር ዘመቻ በኋላ ቤዛ የሚከፍሉት ያልነበራቸው ምርኮኞች የመዲናን ልጆች ጽሕፈት አስተምረው ነፃ እንደወጡ በሲራ ተዘግቧል። የፊቅህ ሊቃውንትም ስለ ቅጥርና ኪራይ ሲያስተምሩ ሥራውም ክፍያውም የታወቀ እንዲሆን ያሳስባሉ።

የቤት ውስጥ ስምምነት ግን ብዙውን ጊዜ ድንበር የለውም። በቀን አንድ ሰዓት የተባለው ማስጠናት ልጁን ከትምህርት ቤት መቀበል፣ የቤት ሥራ ማሠራት፣ ቅዳሜና እሑድ መጠበቅ እየሆነ ሊያድግ ይችላል። በሰው ጣሪያ ሥር የሚኖር ደግሞ «አልችልም» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ቢጣላም የሚያድርበት የለውም። ስለዚህ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑና የሚያበቃበት ጊዜ በጽሑፍ ያልሰፈረ ስምምነት ለሁለቱም ወገን የቅሬታ ምንጭ ነው።

ወጥ ቤቱና ሶላቱ

በቻይና ማዕድ «ሮው» ወይም ሥጋ ሲባል ሌላ ቃል ካልተጨመረበት አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ማለት ነው። የአሳማ ሞራና ከሩዝ የተጠመቀ የወጥ ወይንም አትክልት ውስጥ ሳይቀር ሊገቡ ይችላሉ። ድስቱ አንድ፣ አብሳይዋ አያት፣ እንግዳው ደግሞ «አልበላም» ሲል የሚያስቀይም በሆነበት ቤት በየቀኑ መጠንቀቅ ቀላል አይደለም። ሐላል ምግብ በቻይንኛ «ቺንግጄን» ይባላል፤ ይህንን ቃል አስቀድሞ ማወቅና ለቤተሰቡ ገና ከመነሻው መንገር ያስፈልጋል። በትላልቅ ከተሞች ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች የሚሠሩበትን የላንዦው የበሬ ሥጋ ኑድል ቤት ማግኘት አይከብድም። ቤይጂንግ ውስጥ በ996 እንደተመሠረተ የሚነገርለት የኒውጄ መስጊድ አለ። ቂብላውም ከዚያ ወደ ምዕራብ ነው። በተለይ እህቶቻችን ከባዕድ ወንዶች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር የሚያስከትለውን ከወላጆቻቸው ጋር በግልጽ ሊመካከሩበት ይገባል።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

የእኛ ምክር አጭር ነው። ተማሪ የሆነ በትምህርት ቤቱ ማደሪያ ይኑር። ከቻይና ቤተሰብ ጋር መወዳጀት፣ በበዓላቸው ተጋብዞ መሄድ፣ በፈቃደኝነት ቋንቋ መለዋወጥ መልካም ነው፤ ጉርብትናም ሆነ መልካም ጠባይን ማሳየት የሚቻለው በዚህም ነው። ክፍል የሚሰጥ ቤተሰብ ከተገኘ ግን መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፦ «አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ያስመዘግቡኛል?» ይህንን የሚሸሽ ቤተሰብ እንግዳውን ደብቆ ሊያኖር እንዳሰበ ይወቅ። ወላጆችም ልጃችሁ በስልክ «ማደሪያ በነፃ አገኘሁ» ሲላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት የማን ቤት እንደሆነ፣ በምን ፈቃድና በስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ ጠይቁት።

አላህ የልጆቻችንን ስደትና ትምህርት የተቃና ያድርግልን። አሚን!