የከፋ ሕዝብ ዘፈኖች፦ ግጥሙ ሲጻፍ ምን ይቀራል?

የሥነ ቃል ተማሪዎቻችን ከመስክ ሥራ ሲመለሱ የሚያስረክቡን በአብዛኛው በወረቀት የሰፈረ ግጥም ነው። ግጥሙ ከነትርጉሙ ስለተጻፈ ዘፈኑ ከመጥፋት የዳነ ይመስለናል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የከፋን ዘፈኖች አብነት በማድረግ ይህ አሠራር የሚያጎድለውን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሀ. ቃሉና ጽሕፈቱ

የከፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ ካፊ ኖኖ፣ ከኦሟዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በቋንቋው የአናባቢ ርዝመትና የተናባቢ መጥበቅ ፍች ይለያሉ፤ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ ማለትም ቶን፣ እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉን ይሁን ጊዜን የሚያመለክተው አማርኛ ተናጋሪ ከዐውዱ ይለያል፤ የማያውቀውን ቋንቋ ግጥም የሚያነብ ተመራማሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። ለካፊ ኖኖ የሚያገለግለው የላቲን ፊደል ርዝመትንና ጥብቀትን ሆሄ በመድገም ያመለክታል፤ ቶኑን ግን ይተወዋል። ስለዚህ ዜማው ከቃሉ ቶን ጋር መስማማት አለመስማማቱን ከወረቀት መመርመር አይቻልም።

ለ. ክዋኔው

በቡድን የሚዜም ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው። አውጪው በቦታው ለተገኘው ሰው በሚስማማ መልኩ ስንኞቹን ይለዋውጣል። ተማሪው አዝማቹን አንድ ጊዜ ጽፎ «ይደገማል» ብሎ ያልፋል። ይሁንና አውጪው ቀጣዩን ስንኝ የሚያሰናዳው ተቀባዮቹ አዝማቹን በሚደግሙበት ፋታ ነው። ድግግሞሹ የፈጠራው አካል ነው ማለት ነው። ዘፈኑ ለመድረክ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ነው።

ሐ. የሌሎች ልምድ

በሲሲሊ ደሴት ጁዜፔ ፒትሬ እ.ኤ.አ. በ1870ና በ1871 ባሳተመው ስብስብ ያተኮረው በዋናነት በግጥሙ ላይ ነበር። አልቤርቶ ፋቫራ ዜማዎቹን በኖታ መዘገበ፤ ሥራው በሰፊው የታተመው ግን ከሞተ በኋላ፣ በ1957 ነው። በ1954 ደግሞ አላን ሎማክስና ዲዬጎ ካርፒቴላ ድምፁን በቴፕ ቀዱ። እያንዳንዱ እርምጃ ያለፈው የጎደለውን ሞልቷል።

ስለ ከፋ ፍሪድሪክ ቢበር በ1920ና በ1923 በጀርመንኛ፣ ኤንሪኮ ቸሩሊ በ1951 በጣሊያንኛ ጽፈዋል። መጻሕፍቱ ጠቃሚ ናቸው፤ የአውጪውን ድምፅ ግን ሊያሰሙን አይችሉም።

መ. የማን ዘፈን?

ምርጫውም ሊታሰብበት ይገባል። በከፋ የማንጆ ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን መገለል ደርሶበታል። ሰብሳቢው ከአደባባይ በዓል ብቻ ቢቀዳ የተገለሉት ሰዎች ድምፅ ከመዝገቡም ይገለላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ክዋኔው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቀዳ፤ ጊዜው፣ ቦታው፣ አጋጣሚውና የተሳታፊዎቹ ሚና አብሮ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ አንድ ዘፈን ቢያንስ በሁለት አጋጣሚ ይቀዳ፤ ቋሚውና ተለዋዋጩ የሚለየው በማነጻጸር ነውና። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ለዘፋኞቹ ተነብቦ ይታረም። አራተኛ፣ ቅጂው በባለቤቶቹ ፈቃድ ቦንጋ ከተማ ውስጥ ይቀመጥ። የከፋ ልጅ የአያቱን ድምፅ ለመስማት አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የለበትም። ግጥሙን ከያዝን በኋላ ዜማውን የሚያውቅ ሰው ካጣን፣ በእጃችን የሚቀረው ዘፈኑ ሳይሆን የዘፈኑ ቃላት ብቻ ነው።