ሳይንስ ለማን? የምርምሩስ ወጪ ከማን ኪስ?

ሳይንስ የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው የረጅም ዘመን ትግል ያፈራው የጋራ ሀብት ስለ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ምርምር በባዶ እጅ አይሠራም። ላቦራቶሪው፣ መሣሪያው፣ የባለሙያው ደመወዝ፣ የመስክ ጉዞው፣ ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡን የሚያወጣው ወገን ከውጤቱ ትርፍ የሚጠብቅ ነጋዴ ሲሆን ምርምሩ ሚዛኑን ጠብቆ ሊዘልቅ ይችላልን? በባህላችን የበሉበትን ወጪት መስበር ነውር ነው። በጉርብትናና በማኅበራዊ ኑሮ የሚያስመሰግነው ይህ ይሉኝታ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲገባ ግን የእውነትን ጉሮሮ ያንቃል።

ብዙ ሰዎች በገንዘብ የተገዛ ጥናት ሲባል ቁጥር የሚፈጥር አጭበርባሪ ብቻ ይታያቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው የለም አንልም፤ ነገር ግን የገንዘብ ተጽዕኖ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቀድሞ፣ ገና ጥያቄው ሲመረጥ ይጀምራል። ለዚህም ማስረጃ ፍለጋ ከድሬዳዋ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።

በ2014 ዓ.ም. የበጋ ወራት፣ ወባ ይቀንሳል ተብሎ በሚጠበቅበት ጊዜ፣ ከተማችን በወባ ተመታች። በ2011 ዓ.ም. 200 ያህል የነበረው የሕሙማን ቁጥር ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ወደ 2,400 አሻቀበ። በጤና ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎችና ባልደረቦቻቸው ከታማሚው ቤት ተነሥተው አብረውት የሚኖሩትንና በአካባቢው ያሉትን ሰዎች ደም መረመሩ፤ በየግቢው ትንኝ ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኔቸር ሜዲስን መጽሔት የታተመው ጥናታቸው፣ ወረርሽኙ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው፣ ከእስያ ከመጣችው ትንኝ ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ይህች ትንኝ ረግረግና ኩሬ አትጠብቅም። በበርሜል፣ በጋን፣ በሕንፃ ግንባታ የውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። የድሬዳዋ ነዋሪ ውኃ በበርሜል የሚያጠራቅመው ለምን እንደሆነ ለራሱ ለድሬዳዋ ነዋሪ ማስረዳት አይገባንም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከዚህ ግኝት የሚመነጨው ትልቁ ምክር በርሜሉን ክደኑ፣ ማጠራቀሚያውን እያጠባችሁ ውኃውን ቀይሩ የሚል ነው። በበርሜል ክዳን የሚከብር ኩባንያ የለም። የምርምሩን ወጪ የሸፈነው የፀረ ትንኝ ኬሚካል ሻጭ ቢሆን ኖሮ የሚቀርበው ጥያቄ “የትኛው መድኃኒት ቶሎ ይገድላታል?” የሚል ይሆን ነበር። የሚሰጠው መልስም ከቁጥር አንጻር ትክክል ሊሆን በቻለ! “ትንኟ ከቤታችን አጠገብ ለምን ተራባች?” የሚለው ግን ሳይጠየቅ ይቀር ነበር። በአገራችን የተመረመረችው ይህችው ትንኝ በርካታ የተለመዱ ፀረ ትንኝ ኬሚካሎችን የምትቋቋም ሆና መገኘቷን የሚነግረን ሻጩ አይሆንም።

የእንዶድ ታሪክ ደግሞ የዚሁ ችግር ሌላው ገጽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ። ገበሬው በጓሮው የሚያበቅለው፣ እናቶቻችን ከጥንት የሚያውቁት ተክል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ኬሚካል ሊተካ ተቃረበ ማለት ነው።

ሆኖም ዓለም አቀፉ ባለሥልጣን የመርዛማነት ምርመራ ይቅደም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። ይሁንና እንዲህ ያለውን ውድ ምርመራ ለኬሚካሉ የሚያስፈጽምለት ባለ ፋብሪካ አለው፤ ለእንዶድ ማን ይክፈልለት? በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ምርመራው የተካሄደው ከግኝቱ 20 ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ1980ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ የፋብሪካዎችን የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ሲታወቅ፣ አክሊሉ ከተካፈሉበት ከዚህ ሥራ የተገኘው የፈጠራ ባለቤትነት መብት በ1990ዎቹ ለአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። የአድዋ ሕፃናት ያላገኙትን የገንዘብ ትኩረት ቧንቧው አገኘ።

ጥያቄ ሲመረጥ የሚሆነው ይህ ከሆነ፣ መልስ ሲሰጥስ? የትምባሆ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1954 የራሳቸውን የምርምር ኮሚቴ ባቋቋሙ ጊዜ ሲጋራና የሳንባ ካንሰር መተሳሰራቸው በእንግሊዝ በዶልና በሂል ጥናት ከታየ 4 ዓመት ሆኖት ነበር። ኮሚቴው ያገለገለው ጥርጣሬ ለመዝራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሌላው ባጨሰው ጢስ ስለሚደርስ ጉዳት የተጻፉ 106 የግምገማ ጽሑፎችን አመሳክረው ነበር። ከእነዚህ 39ኙ ጉዳት የለውም ይላሉ፤ ከ39ኙ የ29ኙ ጸሐፊዎች ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጋር የተሳሰሩ ሆነው ተገኙ። በድሬዳዋም የጠርሙስ ፋብሪካው የሚታወቀው ኮካ ኮላ፣ ውፍረትን በተመለከተ ከመጠጡ ይልቅ የአካል እንቅስቃሴ ማነስን ያጎላ የነበረ የሳይንቲስቶች ቡድን በገንዘብ መደገፉ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጋለጥ ቡድኑ በዚያው ዓመት ፈረሰ። በዚህ ጠርሙስ የሚሞላው የእኛው ሠራተኛ ተወቃሽ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የመንግሥት ገንዘብስ ንጹሕ ነውን? ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የእህል ዘር ያሰባሰበው ታላቁ ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ የስታሊን መንግሥት የሊሴንኮን ሐሰተኛ ትምህርት ስለ ደገፈ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። የመንግሥት ገንዘብ የሚለየው፣ ባለቤቱ ሕዝብ እንደመሆኑ መጠን ሕዝብ ሊጠይቅበት የሚገባ በመሆኑ ነው፤ ጠያቂ ከጠፋ ልዩነቱም ይጠፋል።

ከዚህ አኳያ የቀበሌ ነዋሪውና ሠራተኛው ድርሻ አላቸው። ድሬዳዋ ከ80 ዓመት በላይ ሲሚንቶ ስታመርት የኖረች ከተማ ናት፤ የሲሚንቶ አቧራ ሳንባን እንደሚጎዳም በሚገባ ይታወቃል። ነገ የአቧራ ጥናት ተካሂዷል፣ ጉዳት አልተገኘም የሚል ወረቀት ቢቀርብ፣ ሠራተኛው የሳይንስ ዲግሪ ሳይኖረው ሊያነሣቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች አሉ። መለኪያው በተተከለበት ቀን ወፍጮው በሙሉ ኃይሉ ይሠራ ነበርን? የሌሊቱ ፈረቃስ ተለክቷልን? የተመረመሩት ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው ወይስ ታመው የወጡትም ተፈልገው ነበር? የታመመው ከቆጠራው ውጭ ከተደረገ የቀሩት ጤነኞች መሆናቸው አያስደንቅም። ወጪውን የሸፈነው ፋብሪካው ከሆነም በወረቀቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ውጤቱም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ለሠራተኛው ይነበብለት።