የጽኑ ሕሙማን አመጋገብ፦ ከሆስፒታል አልጋ እስከ ቤት ማዕድ

በኢሉባቦር አንድ ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ምግቡ ከቤት ይከተለዋል። ከጎሬ፣ ከያዩ፣ ከሁሩሙ ወይም ከአልጌ ወደ መቱ ካርል ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣ አስታማሚ አጥሚት የያዘ ፔርሙዝና ምሳ ዕቃ ሳያንጠለጥል አይገባም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ ከተገኘ በኋላ ግን ይህ የቆየ ልማድ እክል ገጠመው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ የሚተላለፍ በመሆኑ አስታማሚ እንደ ልቡ ወደ ታማሚው መግባት አይችልም ነበር። ለቤተሰብ የሚቀረው ከበር ላይ ሆኖ «ዛሬስ ምግብ ቀመሰ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለጽኑ ሕሙም ምግብ የሕክምናው አካል ነውና። ሆኖም በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሰጠው ምግብ በዓይነቱም በመጠኑም ቤተሰብ ከሚያስበው ይለያል። ቤተሰብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ታማሚው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ጤነኛ ሰው ምግብ ሲያጣ ሰውነቱ በቅድሚያ ያከማቸውን ስብ እያቃጠለ ጡንቻውን ለማዳን ይሞክራል። በጽኑ የታመመ ሰው ሰውነት ግን እንዲህ አያደርግም። ከባድ ኢንፌክሽን የሚቀሰቅሳቸው ሆርሞኖችና ብግነት ጡንቻን እያፈራረሱ ለኃይል ምንጭነትና በሽታን ለሚከላከሉ ሕዋሳት መሥሪያነት ያውሉታል። በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ሰዎች የጭን ጡንቻ በ10 ቀናት ብቻ በአማካይ 18 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሚሟሽሸው የእግርና የእጅ ጡንቻ ብቻ አይደለም። ደረትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችም ይዳከማሉ፤ ስለዚህ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ታማሚ ከመሣሪያው ለመላቀቅ ይቸገራል። ለከባድ ኮቪድ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ሕይወት አዳኝ መድኃኒት ቢሆንም እርሱም በበኩሉ ጡንቻን ያሳሳል፣ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። በሕመሙ ብርቱ ቀናት የሚሰጥ ምግብ ይህን ጉዳት ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም፤ ያለ ምግብ ግን ጉዳቱ እጅግ የከፋ ይሆናል።

በአፉ መመገብ ለማይችል ታማሚ ምግቡ በአፍንጫ ገብቶ ጨጓራ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል። የሰውነቱ ሁኔታ ከፈቀደ ይህ በ48 ሰዓታት ውስጥ እንዲጀመር ይመከራል። መጠኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆን ተብሎ አነስተኛ ይደረጋል። «ይህን ያህል ብቻ?» የሚል ቅሬታ በብዛት የሚሰማውም በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን ለቀናት ያልበላ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በድንገት ስለሚወርድ ልቡና አተነፋፈሱ ሊታወክ ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከእስር የተፈቱ የተራቡ ሰዎች ጠግበው ከበሉ በኋላ የሞቱት በዚሁ ምክንያት ነበር። በአገራችን ጤና ተቋማት በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ባለው ኤፍ-75 ወተት ጀምረው፣ ሲረጋጉ ብቻ ወደ ኤፍ-100 የሚሸጋገሩትም ከዚህ አደጋ ለመጠበቅ ነው።

ከቤት የመጣ ሽሮም ሆነ አጥሚት ያለ ባለሙያው ፈቃድ በቱቦው መስጠት አይገባም፤ ቱቦው ይዘጋል፣ ንጽሕናውም አያስተማምንም። በቱቦ የሚመገብ ሰው የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ማለት አለበት፤ ጠፍጣፋ ከተኛ ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት የመተንፈሻ ቱቦው እንደወጣ በርኅራኄ ተነሣሥቶ ለታማሚው አንድ ጉርሻ ማቅመስ ነው። ቱቦው ለቀናት በጉሮሮ ውስጥ በመቆየቱ የመዋጥ ችሎታ ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። ሲውጥ የሚያስለው፣ ድምፁም ውኃ የቋጠረ የሚመስል ሰው ምግቡ መንገድ እየሳተበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመዋጥ ችሎታው በባለሙያ ሳይፈተሽ ውኃ እንኳ በአፉ ሊሰጠው አይገባም።

ከሆስፒታል ወደ ቤት

ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰብ የጨነቀው ጊዜ ያለፈ ይመስለዋል። ለአመጋገብ ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። የጠፋው ጡንቻ የሚመለሰው በሳምንታትና በወራት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ግን ገና አልተመለሰም፣ ኮቪድ የያዘውም ሰው ማሽተትና መቅመስ ሊያቅተው ይችላል። ማኘክ ራሱ ያደክመዋል።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ቤተሰብ የሚያቀርበው ቀጭን አጥሚት ነው። አጥሚት መልካም ነው፤ ችግሩ መቅጠኑ ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በቀን ከ1,500 እስከ 1,800 ካሎሪና ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። በ100 ግራም የበቆሎ ዱቄት የተሠራ አንድ ሊትር አጥሚት የሚሰጠው ግን 350 ካሎሪና 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ ነው። ታማሚው በዚህ ብቻ እንዲያገግም ከተፈለገ በቀን ከአራት ሊትር በላይ መጠጣት ይኖርበታል፤ ያም ሆኖ ፕሮቲኑ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሞላል። አጥሚቱ በውኃ ፈንታ በወተት ቢሠራ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ቢጨመርበት (ማንኪያው ብቻ 100 ካሎሪ ያህል አለው) ያው ብርጭቆ ሌላ ምግብ ይሆናል።

የኢሉባቦር ምድር ለምነቱ የታወቀ ነው። በቆሎው፣ ጎደሬው፣ ሙዙ፣ አቮካዶው፣ ማሩ አለ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ግን ኃይል ሰጪ እንጂ ገንቢ አይደሉም። 100 ግራም የተቀቀለ ጎደሬ ከ2 ግራም የሚበልጥ ፕሮቲን የለውም። ለተሰበረ አጥንት የሚታመንበት አንጮቴ በካልሲየም ይዘቱ ቢመሰገንም ለጡንቻ ብቻውን አይበቃም። በቆሎም ቢሆን ሰውነት ከሚፈልጋቸው የፕሮቲን ክፍሎች ሁለቱ ያንሱታል፤ ከባቄላ፣ ከአተር ወይም ከሽንብራ ጋር ሲሆን ጉድለቱ ይሸፈናል። ሦስት እጅ በቆሎ ከአንድ እጅ የተቆላ ባቄላ ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ገንፎ ርካሽና ጠቃሚ ምግብ ነው።

አቅም ላለው ቤት በቀን ሁለት እንቁላል፣ ሦስት ብርጭቆ የፈላ ወተት፣ ከ100 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮና ከ300 ግራም የእህል ዱቄት የተዘጋጀ እንጀራ፣ ቂጣ ወይም ገንፎ ተደምረው ከ75 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣሉ። በብዙ ቤት እንቁላሉም ወተቱም ለገበያ እንደሚወጣ ይታወቃል። ቢያንስ ለሁለት ወር ከዶሮዋ የሚገኘው ለታማሚው ቢቀር ገንዘቡ አልባከነም፤ አቅሙ የተመለሰ ሰው ቶሎ ወደ እርሻውና ወደ ቡና ለቀማው ይገባልና። ምግቡን በሦስት ማዕድ ከማስጨነቅ በትንሽ በትንሹ በቀን ስድስት ጊዜ ማቅረብ ይሻላል። ሥጋ ከተገኘ በደንብ መብሰል አለበት፤ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት በዚህ ጊዜ አይመከሩም።

ማርን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጉሮሮ ያስታግሳል፣ ምግብም ያጣፍጣል፤ ነገር ግን ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። የስኳር ሕመም ላለበት ወይም ዴክሳሜታዞን በመውሰድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ የደም ስኳርን ይጨምራል። ቡናም ቢሆን በቡና አገር አይቀርም። ሆኖም ሦስቱን ስኒ ተከታትሎ የጠጣ ደካማ ሰው ሆዱ ሞላ እንጂ አልበላም፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣም ቡና ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ይቀንሳል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ስኒ መጠጣት ይበቃዋል።

ኮቪድ በአገራችን በተገኘበት በ2012 ዓ.ም. ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ትንሣኤ እንዳለፈም ረመዳን ገባ። ከጽኑ ሕመም ያገገሙ ምእመናን ወተትና እንቁላል ለመቅመስ፣ ወይም ቀን ለመብላት ኅሊናቸው እንደሚከብዳቸው የታወቀ ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ታማሚው የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን ቢያማክር ልቡ ያርፋል። በጾም ምግብ መጽናት የሚፈልግ ካለም ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ኑግና ለውዝ በብዛትና በተደጋጋሚ ሊቀርቡለት ይገባል።

የተበላው ምግብ ጡንቻ የሚሆነው አካል ሲንቀሳቀስ ነው። መጀመሪያ አልጋ ላይ መቀመጥ፣ ቀጥሎ ተደግፎ መቆም፣ ከዚያ እስከ ደጃፍ መራመድ፤ በየቀኑ ከትናንቱ ጥቂት በመጨመር። ክብደት በየሳምንቱ ቢለካ መልካም ነው። ሚዛን በሌለበት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የላይኛውን ክንድ ዙሪያ በመለኪያ ጥብጣብ ለክታ መመዝገብ ትችላለች። ክብደቱ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት ከቀነሰ፣ ሲውጥ የሚያስለው ከሆነ፣ እግሩ ካበጠ፣ ማስታወክ ወይም ተቅማጥ ካልቆመለት፣ እንዲሁም ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው የሚፈቀድለት የፕሮቲን መጠን ስለሚለያይ፣ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ሐኪሙን ጠይቆ መጠኑን በጽሑፍ ይቀበል።