የቤብ ሩት ፊርማ

ቤብ ሩት (እ.ኤ.አ. 1895–1948) በኒው ዮርክ ያንኪስ ክለብ የታወቀ አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር። ፊርማው ያለባቸው ኳሶች በጨረታ በውድ ዋጋ ስለሚሸጡ አስመሳዮች በብዛት ይሠሩታል።

መርማሪዎች ከእጅ ጽሑፉ በፊት ኳሱን ይመለከታሉ። በአሜሪካን ሊግ ኳሶች ላይ የሊጉ ፕሬዚዳንት ስም ይታተም ነበር። ዊል ሃሪጅ ሊጉን የመሩት እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1959 ሲሆን የተኳቸው ጆ ክሮኒን ናቸው። ስለዚህ የክሮኒን ስም በታተመበት ኳስ ላይ ያለ የሩት ፊርማ፣ የቱንም ያህል ቢመሳሰል ሐሰት ነው፤ ሩት በዚያን ጊዜ ከሞተ 10 ዓመት አልፎታል። ቀለሙም ይመረመራል። ዛሬ የተለመደው እስክሪብቶ በአሜሪካ ለሽያጭ የቀረበው በ1945 ስለሆነ፣ የ1920ዎቹ ነው በተባለ ፊርማ ላይ ሊገኝ አይችልም።

ሆኖም ኳሱና ቀለሙ ሐሰቱን ያጋልጣሉ እንጂ እውነቱን አያረጋግጡም፤ ያልተፈረመበት አሮጌ ኳስ ገዝቶ መፈረም ይቻላልና። አስመሳይ ፊርማውን እንደ ሥዕል ቀስ ብሎ ስለሚሠራው መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ብዕሩም ያለቦታው ይነሣል። ከሁሉም የሚያስቸግረው የክለብ ሠራተኞች ወይም ጓደኞች በተጫዋቹ ስም የፈረሙት ነው፤ ኳሱም ቀለሙም የዘመኑ ናቸውና።

ዋጋው የሚጨምረው ሩት ብቻውን፣ ስፌቶቹ በሚቀራረቡበት ጠባብ ቦታ ላይ ፈርሞ ቀለሙ ካልደበዘዘ ነው። የደበዘዘውን በላዩ ደግሞ መጻፍ ዋጋውን ይቀንሳል።

የምስክር ወረቀት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኤፍ ቢ አይ በ1990ዎቹ ባካሄደው ምርመራ የተያዙት አጭበርባሪዎች ከሐሰተኛው ፊርማ ጋር ሐሰተኛ የምስክር ወረቀትም ያቀርቡ ነበር፤ ከተያዙት መካከል የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያለባቸው ቤዝቦሎች ጭምር ተገኝተዋል።