ብሉዝ በሁለት ሰው፥ ብሉዝ በሦስት ሰው

ብዙ መሣሪያ የተሰበሰበበት ሙዚቃ ለጭፈራ ይመቻል። ለማድመጥ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሆኖ የሚጫወተውን የሚያህል የለም፤ ይኸውም ከቁጥሩ ማነስ የተነሣ የሚደበቅ ሰው ስለሌለ ነው። አንዱ ቢስት ወዲያው ይሰማል፤ ቢያምርለትም እንዲሁ። ስለዚህ ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ለመልመድ የሚሻ ተማሪ፥ ወይም ከቢሮ ተመልሶ አንድ ሰዓት የምትተርፈው ወጣት ሠራተኛ፥ ከትልልቆቹ ባንዶች ይልቅ በእነዚህ ጥቂት ሰዎች ቢጀምር ይሻለዋል እላለሁ።

የኩታበር ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ወረዳችን ከአምባሰል ጋር ትዋሰናለች። ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች፥ ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፥ ሁለቱ የወሎን አገር ስም የያዙ ናቸው። ማሲንቆ የያዘ ወንድና አጠገቡ ቆማ የምታዜም ሴት በሠርግም በጠጅ ቤትም ያልታየበት ጊዜ የለም። ከዚህ ሌላ ላሊበሎች አሉ። እነዚህ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየቆሙ፥ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፥ ያለ አንዳች መሣሪያ ያዜማሉ። የባለቤቱን ስም ቀደም ብለው ከጎረቤት ይጠይቁና ወንዱ በስሙ እየጠራ ግጥሙን ሲያወርድ፥ ሴቲቱ ከሥሩ ዜማውን ደጋግማ ታስከትላለች። ከሁለት ጉሮሮ በቀር ምንም የሌለው ሙዚቃ ማለት ይህ ነው።

ሆኖም እኔ በማስተምርበት ክፍል «አዝማሪ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ለስድብ ይውላል። ማሲንቆ መምታት የሚመኝ ልጅ ቢኖር እንኳ ምኞቱን ለጓደኞቹ አይገልጥም። ብሉዝም በገዛ አገሩ ይህን ንቀት ቀምሷል። ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሰይጣን ዘፈን ይሉት ነበር፤ ልጃቸው ጊታር ይዞ ሲገባ የሚቈጡ ወላጆችም ጥቂት አልነበሩም። ዛሬ የዓለም ወጣት ሁሉ ከዚያ ከተናቀው ዘፈን የተወለደውን ሙዚቃ ይሰማል።

ፈረንሣዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ዝግጅት፥ 10ኛው ቅጽ ትዝታን የኢትዮጵያ ብሉዝ ብሎ ሰይሞታል። ስሙ ገበያ ያገኛል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። ትዝታ በአምስት ድምፆች ቅኝት የሚሄድ ነው። የብሉዝ አንድ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ በ12 እኩል ክፍሎች ይመተራል፤ ዘፋኙም አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ብሎ በሦስተኛው ይመልሰዋል። ዝምድናቸው ያለው በቅኝቱ ሳይሆን በንግግሩ ነው። ብሉዝ ዘፋኝ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ጊታሩ በምላሹ ይገባል። በእኛም ዘንድ አዝማሪው ሲያርፍ ማሲንቆው ያንኑ ቃል እንደ ገና የሚለው ይመስላል። (የእኛው እንዲያውም አንድ ይበልጣል፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው አድማጭ ሦስተኛው ተጫዋች ነው።)

ከአሜሪካኖቹ በመጀመሪያ ፒያኖ የሚመታውን ለሮይ ካርንና ባለ ጊታሩን ስክራፐር ብላክዌልን ስሙ። በ1928 (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የቀዱት የመጀመሪያ ሸክላቸው ስማቸውን በአገሩ ሁሉ አዳረሰው። ካር በ1935 ገና በወጣትነቱ ሞተ። ድምፁ ጩኸት የሌለበት፥ እንደ ጨዋታ ያለ ነው፤ ጊታሩም በፒያኖው ክፍተት ውስጥ ብቻ ይገባል። ቀጥሎ ሃርሞኒካ የሚነፋው ሶኒ ቴሪና ባለ ጊታሩ ብራውኒ ማጊ ይመጣሉ። አንደኛው ዓይነ ስውር፥ ሁለተኛው በፖልዮ ምክንያት እግሩ የተጎዳ ነበር። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አብረው ሠርተዋል። በመጨረሻ ዘመናቸው ከመድረክ ውጭ ተኳርፈው እንደ ነበር ይነገራል፤ መድረክ ላይ ግን አንዱ ለሌላው መመለሱን አልተዉም።

ሦስት ሰው ሲሆን ነገሩ ይጋጋላል። ሃውንድ ዶግ ቴይለር የተባለው የቺካጎ ሰው በሁለት ጊታርና በአንድ ድራም ብቻ ይጫወት ነበር፤ ቤዝ ጊታር የሚባል ነገር አልነበረውም። በ1971 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ሻካራ ነው፤ ለጥናት ሰዓት አልመክረውም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች ልመለስ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነውና። በቴአትርም የምትታወቀው ባለ ክራሯ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ፥ በ1970ዎቹ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፥ ተማረ ሐረጉ በድራም አጅበዋት ዘፈኖች ቀድታለች። በ2003 በኢትዮፒክስ 16ኛው ቅጽ እንደ ገና ታትመዋል። ክራርና ኦርጋን ይስማማሉ ብሎ ማን ይገምታል? ኦርጋኑ ግን ከክራሩ ፊት አይቀድምም፤ አስናቀችም ቃሉን እየጎተተች እንደምታሾፍ ሆና ታዜማለች። በ2011 ዐርፋለች።

ያ ባለ ኦርጋን ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ በመኪናው ውስጥ በትንሽ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። በ1985 የቀዳው አልበም በ2013 እንደ ገና ሲታተም ዓለም አስታወሰው፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም በሦስት ሰው አወጣ። ቤዙን ማይክ ማይኮቭስኪ፥ ድራሙን ቶኒ ባክ ይጫወታሉ፤ ሁለቱም አውስትራልያውያን ናቸው። በአልበሙ ውስጥ ትዝታም አንቺሆዬም አሉ። ድራመኛው ምን ያህል እንደሚታገሥ ልብ በሉ።

የአዝማሪ ወገን የሆነችው እቴነሽ ዋሴ ደግሞ ከፈረንሣዊው ማቲው ሱሪሶ ጋር፥ ድምፅና አንድ ቤዝ ጊታር ብቻ ሆነው ለዓመታት ተጫውተዋል። በ2018 «የኔ ዓለም» በተባለው አልበም ሴባስቲያን ባኪያስ በኮንትራባስ ተጨመረና ሦስት ሆኑ። ማሲንቆ የለም፤ ነገር ግን ሱሪሶ የጊታሩን ጅማት ሲያስጮኸው የፈረስ ጭራ ጅማቱን የሚያስታውስ ድምፅ ይወጣዋል። እቴነሽ ጉሮሮዋን ስትሰብረው ሌላው ሁሉ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ አንዱ ይመልሳል።