ቡችላ በድንገት ሲታመም፦ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ድረስ ምን ይደረጋል?

በገበሬው ግቢ ውሻ ጌጥ አይደለም። ሌሊት በረቱን ከጅብ፣ ቀን ማሳውን ከዝንጀሮና ከጦጣ የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። ይህም ሆኖ ስለ ላም፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ ብዙ መመሪያ ሲጻፍ፣ ስለ ውሻ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። እኛም የሰብል ባለሙያዎች እንደመሆናችን በዚህ ጉዳይ ለመጻፍ አላሰብንም ነበር። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን በምርምር ጣቢያችን የበቆሎ ማሳ ጠባቂ ቤት የደረሰ ነገር ነው። የሕክምናውን ክፍል ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ተመካክረን አዘጋጅተነዋል።

ጠባቂው ከአንድ እናት የተወለዱ፣ ሦስት ወር የሞላቸው ሁለት ቡችሎች ነበሩት። አንደኛው ሰኞ ጠዋት ምግብ እምቢ አለ፤ ከሰዓት በኋላ አስታወከ፤ ማታውን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። «ቡችላ ነው፣ ያልፍለታል» ተባለ። ወተት ቢሰጠው መልሶ አስታወከው። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ተጋተ። ማክሰኞ ወደ ከተማ የሚሄድ መኪና ስላልተገኘ፣ ረቡዕ የገበያ ቀን ነውና ያን ዕለት ይወሰድ ተብሎ ተወሰነ። እኛም በጉዳዩ ተጠይቀን በዚሁ ተስማማን። ረቡዕ ሲነጋ ቡችላው ሞቶ ተገኘ፤ ወዲያውም ተቀበረ። በዚያው ዕለት ረፋዱ ላይ ሁለተኛው ማስታወክ ጀመረ። ይህኛው ሰዓት ሳይሞላ በካርቶን ተደርጎ በባጃጅ ተወሰደ፤ ሦስት ቀን በደም ሥር ፈሳሽ እየተሰጠው ቆይቶ ዳነ። እናታቸው አንዲት፣ ግቢያቸው አንድ፣ በሽታቸውም አንድ ነበር።

ሐኪሙ ሁለተኛውን ቡችላ ከመንካቱ በፊት የጠየቀው ስለ ተቅማጡ አልነበረም። «እነዚህን ቡችሎች ማን ነካቸው? እጁን አፋቸው ውስጥ የከተተ ሰው አለ?» ነበር ያለው። ለሞተው ቡችላ ነጭ ሽንኩርቱን የጋተችው የጠባቂው የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጣቷም በጥርሱ ተጭሯል። የሞተው ተቀብሮ ስለነበር በምን እንደሞተ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል አልነበረም። ልጅቱ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ተወስዳ ክትባት ጀመረች። የሁለተኛው ሕመም ፓርቮ መሆኑ ሲታወቅ ሥጋታችን ቀለለ፤ ዳሩ ግን መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበትን ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ሳንጠይቅ አሳልፈናል።

አስቀድሞ ስለ እብድ ውሻ በሽታ

የታመመ ቡችላ ያለበት ቤት የተጠራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስለ መድኃኒት ከማሰቡ በፊት ይህን በሽታ ማሰብ አለበት። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ከመቶ እስከ 99 የሚደርሰው ከውሻ የሚተላለፍ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ በሰውም ሆነ በእንስሳ ላይ መጨረሻው ሞት ነው።

ብዙ ሰው እብድ ውሻ ሲባል የሚሮጥና ያገኘውን ሁሉ የሚናከስ ውሻ ብቻ ይታየዋል። ሌላም ዓይነት አለ፤ አሳሳቹም ይህኛው ነው። ቡችላው ዝም ይላል፤ ጨለማ ቦታ ይፈልጋል፤ የታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል፤ ልሃጩ ይዝረበረባል፤ ምግብም ውሃም መዋጥ ያቅተዋል፤ ጩኸቱ ይለወጣል። ባለቤቱም «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። መዋጥ ያቃተውንና ልሃጩ የሚዝረበረብ ቡችላ አፍ ማንም በባዶ እጅ መክፈት የለበትም። ቡችላው ገና ሕፃን ነው ተብሎም መዘናጋት አይገባም፤ የሦስት ወር ዕድሜ ያልሞላውም ሊያዝ ይችላል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት በማይታወቅ ውሻ ተነክሶ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቁስሉ ድኖ ተረስቶ ሊሆን ይችላልና።

የተነከሰ፣ የተቧጨረ ወይም የተላጠ ቆዳውን የተላሰ ሰው ካለ ቁስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ሲያክም ልጁ ገና የበሽታው ምልክት አልታየበትም ነበር። ዛሬም ክትባቱ የሚሠራው ምልክት ከመታየቱ በፊት ሲጀመር ብቻ ነው። በየአካባቢው የእብድ ውሻ መድኃኒት እንሰጣለን የሚሉ አዋቂዎች አሉ። ከነሱ ጋር መጣላት ለኤክስቴንሽን ሥራ አይጠቅምም፤ የተነከሰው ሰው ግን ከሁሉ በፊት ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ማድረግ የግድ ነው።

የተጠረጠረው ቡችላ ተገድሎ አይቀበር። በሕይወት ካለ ከሰውና ከከብት ተለይቶ ይታሰርና ለ10 ቀን ይጠበቃል፤ በዚህ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ዕለት በምራቁ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይህ ጥበቃ ግን የሰውየውን ክትባት አያዘገይም። ከሞተ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱ በዱላ መፈጥፈጥ የለበትም፤ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ናሙናውን ወስዶ በበረዶ እንዲልክ በአስቸኳይ ይነገረው።

ፓርቮና የፈሳሽ ማጣት

ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር ባሉ ቡችሎች ላይ በድንገት የሚመጣ ትውከትና ደም ያለበት፣ ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ፓርቮ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1978 ታውቆ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ቫይረሱ የአንጀትን ሽፋን ይልጣል፤ በደም ውስጥ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ ሕዋሳትም ያጠፋል። ሳይታከሙ ከቀሩት ከመቶ እስከ 90 የሚደርሱት ሲሞቱ፣ በተሟላ ክሊኒክ በጊዜ ከታከሙት ከ80 እስከ 90 የሚሆኑት ይድናሉ።

ቡችላውን ቶሎ የሚገድለው የፈሳሽ ማጣት ነው። የጥጃ ተቅማጥ ያየ የልማት ሠራተኛ ይህን ያውቀዋል። የትከሻው ቆዳ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ወዲያው ካልተመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ድዱ ከደረቀ ቢያንስ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ በላይ ፈሳሽ አጥቷል። አራት ኪሎ የሚመዝን ቡችላ ከመቶ 8 እጅ ቢያጣ ጉድለቱ 320 ሚሊ ሊትር ነው። በዚህ ላይ በየሰዓቱ በትውከትና በተቅማጥ የሚወጣው ይጨመራል። ይህን ያህል ፈሳሽ ለሚያስታውክ ቡችላ በአፉ ሰጥቶ መተካት አይቻልም፤ በደም ሥር ወይም በቆዳ ሥር መስጠት ደግሞ የሐኪም ሥራ ነው። እስከ ገበያው ቀን ይቆይ የማይባለውም ለዚህ ነው።

የእብድ ውሻ ጥርጣሬ ከሌለና ትውከቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ጋብ ካለ ለልጆች ተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስ ሊሰጠው ይችላል። አንዱ ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ይህ ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ ተደርጎ ይገባል። በየ10 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በሳህን ይቀርብለታል፤ ራሱ ይላሰው። በጠርሙስ ማጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባው ይሰድደዋል። መልሶ ካስታወከ ወዲያው ይቆም። ወተት ተቅማጡን ያብሳል። ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳል፤ በጠባቂው ቤት የተደረገውም ከበሽታው ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ነበር። ከሱቅ የሚገዙ የሰው ማስታገሻዎች፣ ፓራሲታሞልም ሆነ ኢቡፕሮፌን፣ ቡችላን ሊገድሉ ይችላሉ።

ቡችላ በድካም ዝለፍለፍ ብሎ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ የደሙ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። እጅን በላስቲክ ሸፍኖ ጥቂት ማር ወይም የስኳር ብጥብጥ ከከንፈሩ ሥር ከጥርሱ ውጭ ድዱን መቀባት ይረዳዋል። በብርድ ልብስ ይጠቅለል፤ እሳት ዳር ግን አይቀመጥ።

ከእኛው ሙያ የሚመጣው መርዝ

በዚህ ክፍል ያለማመንታት መናገር እንችላለን፤ ጎተራና ማሳ የምናስረጫቸው ኬሚካሎች ናቸውና። ማላታይንና ዳያዚኖን የመሳሰሉት ፀረ ተባዮች የቀመሰ ወይም ቆዳው ላይ የፈሰሰበት ቡችላ ልሃጩ ይጎርፋል፤ ዓይኑ ያለቅሳል፤ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፤ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቆዳው ላይ ከሆነ ጓንት አድርጎ በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ ይገባል። ለዚህ መርዝ ሐኪሙ የሚሰጠው አትሮፒን የተባለ መርፌ አለ፤ በጊዜ ከደረሰ ያድናል።

ለማሳ አይጥ የሚውለው ዚንክ ፎስፋይድ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህ ጥቁር ዱቄት ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ለእህል ማከማቻ የሚገባው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን የሚያወጣውም ይህንኑ ጋዝ ነው። ለፎስፊን ማርከሻ የለውም። ምግብ መስጠት የጨጓራውን አሲድ ስለሚጨምር ጉዳቱን ያብሳል። ከዚህም በላይ ቡችላው ሲያስታውክ ጋዙ አብሮ ስለሚወጣ በዝግ ቤት ወይም መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ አብረውት ያሉትን ሰዎች ሊመርዝ ይችላል። ስለዚህ ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይሁን፤ ልጆችም ይራቁ። ጨው ወይም የሳሙና ውሃ ግቶ ማስታወክ በየትኛውም መርዝ ቢሆን አይደረግም። ዕቃው ወይም በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ ከቡችላው ጋር ወደ ሐኪም ይሂድ።

የልማት ሠራተኛው ራሱ ያከፋፈለው መርዝ ከሆነ ነገሩን መደበቅ ያምረው ይሆናል። አይደብቅ፤ ሐኪሙ የመርዙን ስም ካላወቀ የሚያጠፋው ሰዓት የቡችላው ሰዓት ነው።

መንገዱና ወጪው

ቡችላው በካርቶን ወይም በቅርጫት፣ ከሥሩ ሊጣል የሚችል ጨርቅ ተነጥፎለት ይጓዝ፤ ልጅ አይቀፈው። አስቀድሞ ስልክ ቢደወል ሐኪሙ ከሌሎች ውሾች ለይቶ ይቀበለዋል። መቼ እንደበላ፣ ስንት ጊዜ እንዳስታወከ፣ ክትባት ወስዶ እንደሆነና አለመሆኑ በወረቀት ይጻፍ። የተጨነቀ ባለቤት ክሊኒክ ሲደርስ ይህን ሁሉ ይረሳዋል፤ እኛም ረስተነዋል።

ወጪውን በሚመለከት በግልጽ መነጋገር ይሻላል። ቡችላ በነፃ የሚገኝ ስለሆነ ለሕክምናው የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ገበሬ የማይዋጥ ነው። ገበሬው አልከፍልም ቢል ሊወቀስ አይገባም። ባለመታከሙ በሥቃይ እንዲሞት መተው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተስፋ ከሌለው ሐኪሙ ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፈው መጠየቅ ይቻላል። ውሳኔው ለልጆቹ በእውነት ይነገራቸው። የጠባቂው ልጅ ቡችላውን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ለሳምንት ያህል እህል አልቀምስ ብላ ነበር፤ የገደለው ፓርቮ መሆኑን ሐኪሙ ራሱ ቁጭ ብሎ ካስረዳት በኋላ ነው የተጽናናችው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ሊረዱ ይችላሉ። ጓንት፣ ኦአርኤስ፣ የሙቀት መለኪያና የሐኪሙ ስልክ ቁጥር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ትልቁ ጥቅም ግን ከክትባት ይገኛል። አንድ ገበሬ ለአንድ ውሻ ክትባት ፍለጋ ከተማ አይሄድም፤ ማኅበሩ የአባላቱን ውሾች ቆጥሮ ለወረዳው ካሳወቀ ግን ክትባት ሰጪው ወደ ቀበሌው ሊመጣ ይችላል። የእብድ ውሻ ክትባት ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ በወረዳው ፕሮግራም መሠረትም ይደገማል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከአርብቶ አደሮች ውሾች የተዛመተ ነበር። የፓርቮ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደጋገማል። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያውን ክትባት ሊያከሽፈው ስለሚችል አንድ ጊዜ መከተብ አይበቃም።

ፓርቮ የገባበት ግቢ አፈር ቫይረሱን ለአንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያቆየው ይችላል። ኩሱ በጥልቀት ይቀበር፤ ጨርቁና ጆንያው ይቃጠል። ወለሉና ሳህኑ በመጀመሪያ በሳሙና ከታጠቡ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስባቸውና 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ሥራ አይሠራም። ከሕመሙ የተነሣውም ቡችላ ለአንድ ወር ያህል ከሌሎች ተለይቶ መቆየት አለበት። የጣቢያችን ጠባቂ በሞተው ምትክ ሌላ ቡችላ ከጎረቤት ሊያመጣ ፈልጎ ነበር፤ ክትባቱን ሳይጨርስ ወደዚያ ግቢ እንዳይገባ ተነግሮት ቡችላው እስካሁን ከእናቱ ጋር ጎረቤት ቤት ነው።